ቴሌቪዥኑ አልናገርም ያለ ጊዜ

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» ልትሉኝ ነው። አትበሉ። በዚህ ተረት ውስጥ ላም የለችም። ያለው አንድ ቴሌቪዥን ነው፤ እሱም ወተት አይሰጥም፤ ከሰኞ ጀምሮ ደግሞ ድምፅም አልሰጥም ብሏል።

ደሴ ውስጥ፣ ዳገቱ ላይ ካሉት ቤቶች ባንዱ፣ ወይዘሮ ደብሪቱ የሚባሉ ሴት ነበሩ። ባላቸው ሞተዋል። ሴት ልጃቸው አግብታ ኮምቦልቻ ወርዳለች። ወንዱ ልጃቸው ምንተስኖት የፋርማሲ ትምህርቱን ሦስተኛ ዓመት ላይ ጥሎ፣ ተዋናይ እሆናለሁ ብሎ አዲስ አበባ ገባ። የሄደ ዕለት «በዚህ ድምፅህ ነው ተዋናይ የምትሆነው?» አሉት። እሱም አኮረፈ፤ እሳቸውም አኮረፉ፤ ሁለት ዓመት ሞላቸው። በሁለት ዓመት ውስጥ ልጁ በቴሌቪዥን ሁለት ጊዜ ታየ፤ አንዴ ሬሳ ሆኖ፣ አንዴ በጀርባው። ሬሳ ሆኖ የታየ ዕለት ወይዘሮ ደብሪቱ እራት አልበሉም።

ሰኞ ጠዋት ስልካቸው ላይ መልእክት መጣ። «እማ፣ እሁድ በስምንት ሰዓት ድራማ ላይ አለሁ። በዚህኛው እናገራለሁ።» ሌላ ነገር የለውም። ወይዘሮ ደብሪቱ መልስ አልጻፉም። ግን የልጃቸውን ድምፅ መስማት ፈለጉ። የፈለጉት ይህንኑ ብቻ ነው።

ቴሌቪዥኑን ከፍተው ድምፁን እስከ መጨረሻው ጨመሩ። ዜና አንባቢው አፉን ያንቀሳቅሳል፤ የሚወጣው ግን ጉርምርምታ ነው።

«ተናገር እንጂ!» አሉት።

«አልናገርም» አለ ቴሌቪዥኑ። «አፌን የሠሩልኝ ከጀርባዬ ነው። የማወራው ከግድግዳው ጋር ነው። ቀጭን ካልሆነ ብለው ገዙኝ፤ ከቀጭን ሰውነት ወፍራም ድምፅ አይጠበቅም። ድምፅ ከፈለጉ ኑርሁሴን ሱቅ ይሂዱ።»

ማክሰኞ ወደ ፒያሳ ወርደው ኑርሁሴን ሱቅ ገቡ። ኑርሁሴን ቴሌቪዥንና ስፒከር የሚሸጥ ጎልማሳ ነው፤ ገዢ መጥቶለት «አልሸጥም» የሚል ነጋዴ በከተማው ውስጥ ከሱ ሌላ አልተገኘም። ወይዘሮ ደብሪቱ ሆም ቴአትር ስለሚባለው የቤት ስፒከር የሚያውቁት አንድ ነገር ነበር፤ ዕቃ ሲገዛ ከባዱ ይገዛል። ስለዚህ ካርቶኖቹን አንድ በአንድ እያነሡ መዘኑ። ረጅሟን ቀጭን ካርቶን በአንድ እጃቸው አንሥተው «ይቺማ ባዶ ናት» ብለው መለሷት። ትልቁን ካርቶን ለማንሣት ሞከሩ፤ አቃታቸው። ደስ አላቸው።

«ይህን ስጠኝ» አሉ።

«እማማ፣ ይሄ ባለ አምስት ነው» አለ ኑርሁሴን። «ሁለቱ ከፊት ግራና ቀኝ ይቆማሉ። አንዷ መሐል ትሆናለች፤ የሰው ንግግር የሚወጣው ከሷ ነው። ሁለቱ ደግሞ ከሶፋው ጀርባ ይሆናሉ። ከሶፋዎ ጀርባ ስንት እርምጃ አለ?»

«ሶፋዬ ከግድግዳው ጋር ተጣብቋል።»

«እንግዲያው ሳይለካ አልሸጥም። አምና ለአንድ ሰውዬ ቤቱን ሳላይ ሸጥኩለት። የኋለኞቹን ሁለቱን አቧራ እንዳይነካቸው ብሎ ቡፌ ውስጥ ቆለፈባቸው። እስካሁን እዚያው ውስጥ ያወራሉ። ሶፋውን ከግድግዳው ያላቁና ክፍሉን ለክተው ይምጡ።» ቀጥሎም «ለመሆኑ ለምን ፈለጉት?» አላቸው።

«ለዜና ነው» አሉ ወይዘሮ ደብሪቱ።

«ወላሂ፣ ለዜናማ አምስት አፍ ምን ያደርግልዎታል» አለ ኑርሁሴን፤ አልሸጠም።

ወደ ቤታቸው ተመለሱና ሶፋው ፊት ቆሙ።

«ሶፋ ሆይ፣ ተነቃነቅልኝ። ቴሌቪዥኑ አልናገርም አለ፤ ኑርሁሴን ሳይለካ አልሸጥም አለ።»

«አልነቃነቅም» አለ ሶፋው።

ሶፋው እውነቱን ነው። ከሳሎኑ ስፋት ይልቅ ለጎረቤት ዓይን ታስቦ የተገዛ፣ ጥግ ዞሮ የሚሄድ ትልቅ ሶፋ ነው። ሰው ወደሱ የሚደርሰው በጎኑ ተንሸራቶ ነው፤ ወፈር ያለ እንግዳ የመጣ እንደሆነ በረንዳ ላይ ይስተናገዳል።

«ከኋላዬ ግድግዳ፣ ከፊቴ ቡፌ፣ ወዴት ልሂድ?» አለ ሶፋው። «መጀመሪያ ቡፌውን ይግፉት።»

ረቡዕ ቡፌውን ለመኑት። «ቡፌ ሆይ፣ ተገፋልኝ። ቴሌቪዥኑ አልናገርም አለ፤ ኑርሁሴን ሳይለካ አልሸጥም አለ፤ ሶፋው አልነቃነቅም አለ።»

«አልገፋም» አለ ቡፌው። «ሆዴ ብርጭቆ ነው። ብገፋ ይሰበራል፤ የሚወቀሰው ደግሞ ቡፌ ነው።»

የቡፌውን መስተዋት ከፈቱ። ውስጡ ሰባ ሁለት ብርጭቆ ተደርድሯል፤ የሰርጋቸው ስጦታ ነው። ከሰርጉ ወዲህ አንድም ሰው ጠጥቶበት አያውቅም። እንግዳ ሲመጣ በሌላ ብርጭቆ ይጠጣል፤ እነዚህን ያያል።

«ብርጭቆዎቼ፣ ውጡልኝ። ቴሌቪዥኑ አልናገርም አለ፤ ኑርሁሴን ሳይለካ አልሸጥም አለ፤ ሶፋው አልነቃነቅም አለ፤ ቡፌው አልገፋም አለ።»

«አንወጣም» አሉ ብርጭቆዎቹ፣ ሰባ ሁለቱም ባንድ አፍ። «አልጋ ላይ ካስቀመጡን እንንከባለላለን፤ መሬት ላይ ካስቀመጡን እንረገጣለን። የብርጭቆ መደርደሪያ ያለው የእድሩ መጋዘን ውስጥ ነው። እዚያ ካልወሰዱን ንቅንቅ አንልም።»

የእድሩን መጋዘን ቁልፍ የሚይዙት ወይዘሮ ከድጃ ናቸው። ቁልፉን በመቀነታቸው ጫፍ ቋጥረው ያድራሉ ይባላል። እኔ ሲያድሩ አላየሁም፤ ሲውሉ ግን አይቻለሁ። ሐሙስ ዕለት ወይዘሮ ደብሪቱ ደጃቸው ቆሙ።

«ከድጃዬ፣ መጋዘኑን ክፈችልኝ። ቴሌቪዥኑ አልናገርም አለ። ኑርሁሴን ሳይለካ አልሸጥም አለ። ሶፋው አልነቃነቅም አለ። ቡፌው አልገፋም አለ። ብርጭቆዎቹ ደግሞ መደርደሪያ ካላገኘን አንወጣም አሉ።»

«አብሽሪ፣ መጀመሪያ ተቀመጪ» አሉ ከድጃ። «ደንቡን ታውቂዋለሽ። መጋዘን የሚከፈተው ለሞትና ለሰርግ ነው። የሞተ አለ?»

«የለም።»

«የሚያገባ አለ?»

«የለም።»

«እንግዲያው አልከፍትም። ሊቀመንበሩ ቃል ይስጡኝና እከፍታለሁ።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ግን እኅቴ፣ ይሄን ሁሉ የምትደክሚው ለምን ብለሽ ነው?»

«ለእግር ኳስ ነው።»

ከድጃ ከላይ እስከ ታች አዩዋቸው። «የማን ደጋፊ ነሽ?»

«የሁለቱም።»

ከድጃ የመቀነታቸውን ቋጠሮ አጠበቁት።

የእድሩ ሊቀመንበር አቶ አሰግድ የቀድሞ ርእሰ መምህር ናቸው። ሠላሳ ዓመት የትምህርት ቤት ደወል ሥር ቆመው ጆሯቸው ደክሟል፤ ሥልጣናቸው ግን አልደከመም። ዓርብ ጠዋት ግቢያቸው ውስጥ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ። አጠገባቸው ሦስት ሴቶች ልብስ ያጥባሉ። ወይዘሮ ደብሪቱ ጎንበስ ብለው፣ በሹክሹክታ፣ ከመጀመሪያው ጀምረው ነገሯቸው። ቴሌቪዥኑ አልናገርም አለ፤ ኑርሁሴን አልሸጥም አለ፤ ሶፋው አልነቃነቅም አለ፤ ቡፌው አልገፋም አለ፤ ብርጭቆዎቹ አንወጣም አሉ፤ ከድጃ አልከፍትም አለች።

«አልሰማሁም» አሉ አቶ አሰግድ።

እንደገና ከቴሌቪዥኑ ጀምረው እስከ ከድጃ ነገሯቸው።

«አልሰማሁም። ያልሰማሁትን ደግሞ አልፈቅድም። ጮክ በይ!»

ወይዘሮ ደብሪቱ ቦርሳቸውን ከፍተው ወረቀት ላይ ጻፉላቸው። አቶ አሰግድ ወረቀቱን ተቀብለው «መነጽሬ ለጥገና ሄዷል» አሉና አራት ቦታ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። «ጮክ በይ እንጂ፣ ምን ያሳፍርሻል?»

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ወይዘሮ ደብሪቱ መጮህ አልተሳናቸውም። ልብስ የሚያጥቡት ሴቶች እጃቸውን አቁመው ጆሯቸውን ሰጥተዋል። አንዴ ጮክ ካሉ «ለምን ፈለጉት?» መባሉ አይቀርም፤ «ልጇን አስኮርፋ ሰዳ አሁን ድምፁን ትፈልጋለች» መባሉም አይቀርም። ሰው እንዳይስቅባቸው ፈሩ። ፍርሃት ደግሞ ከብርጭቆም ከቡፌም ይከብዳል፤ ኑርሁሴን ሱቅ ቢገኝ ገዝተውት ነበር።

«ዛሬ ዛሬ ጥርት ብሎ የሚሰማኝ የይመር ጡሩንባ ብቻ ነው» አሉ አቶ አሰግድ፤ ፊታቸውንም ወደ ፀሐይ መለሱ።

ጋሽ ይመር የእድሩ ጡሩንባ ነፊ ናቸው። ሰው ሲሞት ሰፈሩን እየዞሩ ይነፋሉ፤ ማን እንደሞተ፣ ቀብሩ የት እንደሆነ ይለፍፋሉ። ቅዳሜ በማለዳ ወይዘሮ ደብሪቱ ሲደርሱ የጡሩንባውን አፍ በጨርቅ ይወለውሉ ነበር። እሳቸው ደጁ ላይ እንደቆሙ ጋሽ ይመር ብድግ አሉ።

«ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም ጋሽ ይመር። ቴሌቪዥኑ አልናገርም አለ። ኑርሁሴን ሳይለካ አልሸጥም አለ። ሶፋው ቡፌው ሳይገፋ አልነቃነቅም አለ። ቡፌው ብርጭቆዎቹ ሳይወጡ አልገፋም አለ። ብርጭቆዎቹ መጋዘኑ ካልተከፈተ አንወጣም አሉ። ከድጃ ቃል ካልተሰጠኝ አልከፍትም አለች። አቶ አሰግድ አልሰማሁም አሉ። እባክዎ ደጃቸው ሄደው ይንፉልኝ።»

«አልነፋም» አሉ ጋሽ ይመር፤ ተመልሰው ተቀመጡ። «ጡሩንባ ለሞት ነው እንጂ ለቡፌ አይነፋም።»

ወይዘሮ ደብሪቱ መንገዱን ወደ ላይም ወደ ታችም አዩ። ከዚህ በኋላ የሚሄዱበት ሰው አልነበረም። ነገ እሁድ ነው።

«ለመሆኑ» አሉ ጋሽ ይመር፣ «ይሄ ቴሌቪዥን ምን እንዲልሽ ፈልገሽ ነው?»

ለዜና ነው ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። ለእግር ኳስ ነው ሊሉም አሰቡ። ሁለቱም አልወጣ አላቸው።

«ልጄ ነገ ሊናገርበት ነው» አሉ። «ምንተስኖት። ሁለት ዓመት ድምፁን አልሰማሁም። ድምፅህ አይሆንም ያልኩት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የኔ ነው። ናፍቆኛል ጋሽ ይመር። በጣም ናፍቆኛል። ነገ ተናግሮ ሳልሰማው ቢያልፈኝ እንዴት እሆናለሁ?» ብለው አለቀሱ።

ጋሽ ይመር ጨርቁን አስቀመጡ። «እኔ እኮ ሠላሳ አንድ ዓመት ስነፋ፣ አንድ ሰው እንኳ ጡሩንባዬን ሰምቶ እሰይ ብሎ አያውቅም። ይህን ወሬ እኔ ልለፍፈው?»

«ሰው ሁሉ ይሰማል።»

«ጡሩንባ ነዋ።»

ወይዘሮ ደብሪቱ እንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። ከሰኞ ጀምሮ የደበቁትን ነገር አሰቡ። ከዚያ ወዲያ መደበቁ ሰለቻቸው።

«ይንፉት» አሉ።

ጋሽ ይመር ነፉ። ሰፈሩ ሁሉ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ፤ አንዲቱማ ማን እንደሞተ ሳትሰማ ማልቀስ ጀምራ ነበር።

«የሰፈር ሰው ስማ!» አሉ ጋሽ ይመር። «የወይዘሮ ደብሪቱ ልጅ ምንተስኖት ነገ በስምንት ሰዓት በቴሌቪዥን ይናገራል! እናቱ ልትሰማው ትፈልጋለች! ቴሌቪዥኑ ግን ድምፅ የለውም! የሞተ የለም! ደግሜ እላለሁ፣ የሞተ የለም!»

ማልቀስ የጀመረችው ሴት አቋረጠች። ማንም አልሳቀም። ከወዲያኛው ረድፍ አንዱ «እሰይ!» አለ። ጋሽ ይመር ይህን ሲሰሙ ሳይጠየቁ ደግመው ነፉ።

ጡሩንባው ቢነፋ አቶ አሰግድ ሰሙ። ቢሰሙ ከዘራቸውን ይዘው ወጡና ነገሩን መረመሩት። «ሞት አይደለም። ሰርግም አይደለም። ሆኖም ወደ ሰርግ ያደላል። ይከፈት» አሉ። አቶ አሰግድ ቃል ቢሰጡ ከድጃ መቀነታቸውን ፈቱ። ከድጃ ቢከፍቱ ብርጭቆዎቹ ወጡ፤ ሰባ ሁለቱም በሰልፍ ከእጅ ወደ እጅ መጋዘን ገቡ፤ አንድም አልተሰበረም። ብርጭቆዎቹ ቢወጡ ቡፌው ተገፋ። ቡፌው ቢገፋ ሶፋው ተነቃነቀ። ሶፋው ቢነቃነቅ ኑርሁሴን ሜትሩን ይዞ ራሱ ዳገቱን ወጥቶ መጣ፤ እሱም ከሱቁ ሆኖ ጡሩንባውን ሰምቶ ኖሯል።

ኑርሁሴን ለካ። ሦስት ሜትር በሦስት ከግማሽ።

«እማማ፣ ለዚህ ክፍል ባለ አምስቱ አያስፈልግም» አለ። «የሚፈልጉት የሰው ንግግር ነው። ለሱ ያቺ ረጅሟ ቀጭኗ ስፒከር ትበቃለች። ገመዷ አንድ ናት፤ ከቴሌቪዥኑ ሥር ትቀመጣለች። ዋጋዋም ቀላል ነው።»

«ያቺ ባዶዋ?»

«ባዶ አይደለችም፤ ቀላል ናት።»

ወይዘሮ ደብሪቱ ትንሽ አሰቡ። «ከቴሌቪዥኑ ሥር የምትቀመጥ ከሆነ ሶፋው ለምን ተነቃነቀ? ቡፌው ለምን ተገፋ? ብርጭቆዎቹ ለምን ወጡ?»

«ሳይለካ አይታወቅም» አለ ኑርሁሴን።

ያቺን ቀጭን ዕቃ አምጥቶ ከቴሌቪዥኑ ሥር አስቀመጠ፤ አንዷን ገመድ ሰካ፤ ንግግር የሚያጎላውንም ቁልፍ በጣታቸው አስነክቶ አሳያቸው። ገና እጁን ሳያነሣ ከድጃ ነጭ ዳንቴል አምጥተው አለበሷት። ኑርሁሴን ዳንቴሉን ገፈፈ። ከድጃ መልሰው አለበሷት። «እትዬ ከድጃ፣ አፏ እኮ ነው!» አለ። ከድጃ ዳንቴሉን ይዘው ሄደው ሌላ የሚለብስ ነገር ፈለጉ። ቴሌቪዥኑ ያን ጊዜ ተናገረ፤ ዜና አንባቢው ስለ አየር ጠባይ እያንዳንዷን ቃል ጥርት አድርጎ አወራ። «ዝናብ አለ» አለ።

እሁድ በሰባት ሰዓት ተኩል ሰፈሩ ሳሎን ውስጥ ገብቶ ነበር። ቡፌው ስለተገፋ ቦታ ተገኘ፤ መጋዘኑ ስለተከፈተ የእድሩ አግዳሚ ወጣ። ወፈር ያሉት እንግዶች ለመጀመሪያ ጊዜ ሶፋው ላይ ተቀመጡ። ጋሽ ይመር ጡሩንባቸውን ጉልበታቸው ላይ አስተኝተው ከፊት ተቀመጡ፤ አቶ አሰግድ አጠገባቸው ሆኑ። ወይዘሮ ደብሪቱ የአዘቦት ቀሚሳቸውን አውልቀው የክት ለብሰዋል። ሪሞቱን ለኑርሁሴን ሰጡት።

ስምንት ሰዓት ሆነ። ድራማው ጀመረ። የሀብታም ቤት ታየ፤ ውሻ ታየ፤ ሁለት ሰዎች ስለ መሬት ተጨቃጨቁ። ሩብ ሰዓት አለፈ፤ ምንተስኖት የለም። አንዱ «ዛሬም በጀርባው ይሆን?» አለና በክርን ተጎሰመ። ከዚያ የግቢው በር ተንኳኳ። ካፖርት የለበሰ ዘበኛ በሩን ገርበብ አደረገና ፊቱን አወጣ። ከስቷል። ጢም አብቅሏል። ምንተስኖት ነው።

ከኋላ የተቀመጡት አንገታቸውን አሰገጉ።

«ማን ልበል?» አለ ምንተስኖት።

ከበሩ ውጭ የቆመችው ተዋናይት ማንነቷን ተናግራ ይሆናል። ማንም አልሰማትም። ወይዘሮ ደብሪቱ ቀድመዋት፣ በዚያ ሁሉ ሰው መሐል፣ ብድግ ብለው ቆመው ነበር።

«እናትህ ነኝ!» አሉ።

ድራማው ቀጠለ፤ በሩ ተዘጋ፤ ሁለቱ ሰዎች ወደ መሬታቸው ተመለሱ። ኑርሁሴን ምን እንደሚያደርግ ቸግሮት ድምፁን ዝቅ አደረገው። አቶ አሰግድ ወደ ጋሽ ይመር ጠጋ ብለው «ልጁ ምን አለ?» ሲሉ ጠየቁ።

«ማን ልበል፣ አለ።»

«እሱን አልሰማሁትም» አሉ አቶ አሰግድ። «እሷን ግን ሰማኋት።»

ወይዘሮ ደብሪቱ ስልካቸውን ከጉያቸው አውጥተው እዚያው እንደቆሙ መደወል ጀመሩ።

ተረቴን መልሱ፤ ስትጨርሱ የእድሩንም አግዳሚ መልሱ።